የድልድዩ ፊታውራሪና የጉድጓዱ ሕዝብ

አዲስ አበባ ውስጥ የፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ ስም ሳይጠራ የሚያልፍ ቀን የለም። «ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ!» እያለ የታክሲ ረዳቱ ከማለዳ እስከ ማታ ይጮኻል። በድልድዩ ላይ የሚያልፈው ተሳፋሪ ግን ስለ ባለ ስሙ የሚያውቀው ከሁለት ነገር አይበልጥም፤ አንደኛው «አባ መላ» መባላቸውን፣ ሁለተኛው በሸንጎና በዳኝነት ላይ ተናገሩት እየተባለ የሚወራውን ብልሃት የተሞላበት ጨዋታ። የተማረው ክፍል ጥቂት ይጨምርበታል፤ የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር እንደነበሩ፣ በልጅ ኢያሱ መሻር ውስጥ ትልቅ ድርሻ እንደነበራቸው ይነግረናል። «እኒህ ሰው የማን አገር ገዥ ነበሩ? መሬታቸው ከየት እስከ የት ይደርስ ነበር? በዚያ መሬት ላይ ይኖር የነበረው ሕዝብ በእርሳቸው ዘመን ምን ሆነ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። ዝም የሚለው ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ የታሪክ መጻሕፍታችን ፊታውራሪውን ያነሡት የአዲስ አበባ ሰው አድርገው ነው። ከነጌሌ ቦረና፣ ከያቤሎ ወይም ከሜጋ ቆሞ የተመለከታቸው ጸሐፊ እምብዛም የለም።

እኔ የታሪክ ጀግኖችን የማፍረስ ሱስ የለብኝም። ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስም በአንድ ጽሑፍ የሚፈርሱ ሰው አይደሉም። የዛሬው ክርክሬ ሌላ ነው። የእኒህን ሰው ሕይወት የመሬት ጌታና የጠቅላይ ግዛት ፖለቲከኛ ሕይወት አድርገን ብናነበው፣ የደቡቡ ቆላ እስከ ዛሬ ድረስ በምን ዓይነት አስተዳደር እንደሚገዛ እንረዳለን እላለሁ። ፊታውራሪው ሞተዋል፤ ርስታቸውም ተበትኗል። የአገዛዙ ጠባይ ግን አልሞተም። መሬቱን ሳያዩት የሚያዝዙበት፣ ውኃውን ሳይጠጡት የሚያከፋፍሉት፣ ሕዝቡን ሳይሰሙት የሚሾሙለት ጌቶች ተፈራረቁ እንጂ ጠባዩ ያው ነው።

ሰውየውና ሹመቱ

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጨቦ ሰው ናቸው። በምኒልክ የመስፋፋት ዘመቻ ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት ገቡ። ከምርኮኛነት ተነሥተው ከዙፋኑ ቀጥሎ እስከሚቆመው ሥልጣን ድረስ የወጡት በችሎታቸው ነው። በዘር ሐረግ በሚኮራ ቤተ መንግሥት ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ፊታውራሪ ገበየሁ ሲወድቁ የፊታውራሪነቱን ቦታ የተረከቡት እርሳቸው ነበሩ። ጥቅምት 1900 ዓ.ም. አፄ ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስቴሩ ለእርሳቸው ተሰጠ። ንጉሠ ነገሥቱ በሕመም ከወደቁ በኋላ አገሪቱ ባሳለፈቻቸው ጭንቅ ዓመታት ሁሉ የእርሳቸው ቃል ያልተጨመረበት ትልቅ ውሳኔ አልነበረም። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ሲሻሩ፣ ጥቅምት 17 ቀን ደግሞ ሰገሌ ላይ ንጉሥ ሚካኤል ሲሸነፉ፣ በሁለቱም ቀን እርሳቸው ነበሩበት። ከዚያ በኋላ ንግሥት ዘውዲቱና አልጋ ወራሽ ተፈሪ ግራና ቀኝ ሲሳሳቡ ሚዛኑን ይዘው የኖሩት እኒሁ ሽማግሌ ናቸው፤ እስከ ታኅሣሥ 1919 ዓ.ም. ዕለተ ሞታቸው ድረስ።

ይህን ሁሉ ማን ከፈለው? ጥያቄው እዚህ ላይ ነው። በዚያ ዘመን ሚኒስትር ደመወዝተኛ አልነበረም። ሹመት ማለት መሬት፣ መሬት ማለት ገባር፣ ገባር ማለት ወታደር ማለት ነበር። የጦር ሚኒስትሩን የጦር ሚኒስትር ያደረገው በወረቀት የተጻፈ ማዕረግ ሳይሆን ከጨቦ እስከ ቦረና ድረስ በሥሩ የነበረው አገርና ያ አገር የሚቀልበው ብዙ ሺህ ነፍጠኛ ነው። በመዲናይቱ ላይ የተዘረጋው ኃይል ሥሩ ከስድስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ ከዳዋ ወንዝ ማዶ ለማዶ በሚሰማራ ከብት ላይ የተተከለ ነበር። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት ሰዎች ስለ ጉቦ ብቻ የተነገረ ይመስላቸዋል። ተረቱ የአንድ ሥርዓት ሕገ መንግሥት ነበር፤ ሹም ሊበላ ተሾመ፣ አገርም ሊበላ ተሰጠ።

ጉድጓዱ ከሹሙ በፊት

ፊታውራሪው ከአድዋ ማግሥት በ1889 ዓ.ም. ቦረናን ሲያስገብሩ የደረሱበት አገር ባዶ ሜዳ አልነበረም። ይህን ደጋግሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ባዶ ነው ብሎ የማሰብ ልማድ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀንምና።

ቦረና የገዳ አገር ነው። ሥልጣን በስምንት ዓመት ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል፤ አባ ገዳው ዘመኑ ሲሞላ በትሩን አስረክቦ ይወርዳል። በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ ላይ ጉባኤ ተቀምጦ ሕግ ይመረመራል፣ ይታደሳል፣ የበደለም ሹም ይጠየቃል። ይህ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ እኛም በዕለቱ አጨብጭበን በማግሥቱ ረስተነዋል።

ከሥርዓቱ ሁሉ የሚደንቀው ግን ጉድጓዱ ነው። ቱላ የሚባሉት ዘጠኙ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች የቦረና ኑሮ ምሰሶዎች ናቸው። ሰዎች ከሥር እስከ አፍ ድረስ በመሰላል ላይ ተሰልፈው፣ በዜማ እየተቀባበሉ፣ ውኃውን በእጅ ወደ ገንዳው ያወጣሉ። እያንዳንዱ ጉድጓድ የሚጠብቀው ጎሳ አለው፤ ሆኖም ጎሳው ብቻውን አይጠጣበትም። አባ ሄሬጋ የሚባል የተራ ዳኛ ተቀምጦ የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ይወስናል። ጉድጓዱን የቆፈረና ያደሰ ይቀድማል፤ እንግዳም ተራው ሲደርስ አይከለከልም። የሚያዝዘው ሰው ከጉድጓዱ አፍ ላይ ነው ያለው፤ ቢያዳላ ዓይን ለዓይን ይታያል፣ ቢበድል በዚያው ቀን ይከሰሳል።

አሁን ይህን ከመጣው ሹመት ጋር እናስተያየው። አዲሱ ጌታ የተሾመው ለዕድሜ ልክ ነው። የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ የፖለቲካው ገበያ እዚያ ነውና ከዚያ ቢርቅ ይከስራል። አገሩን የሚያስተዳድሩለት እንደራሴዎቹና በየጣቢያው ያሰፈራቸው ወታደሮች ናቸው። በደጋው መሬት በቃላድ ተለክቶ በጋሻ ሲቆጠር፣ የማያርሰው ቦረና መሬቱ ሊለካ ስላልቻለ የተቆጠረው እርሱ ራሱ ነው፤ ቤተሰቡ ለወታደር ገባር ሆኖ ተመደበ፣ ከብቱና ጉልበቱ ግብር ሆነ። ቦረና ለዚህ የሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ዐመፅ ሳይሆን ጉዞ ነበር። ከብቱን እየነዳ ወደ እንግሊዝ ግዛት የተሻገረው ሕዝብ ቁጥሩ ቀላል አልነበረም፤ ሜጋ ላይ የተቀመጡት የእንግሊዝ ቆንስሎችም የዚያን አገር አስተዳደር በዓይናቸው አይተው ጽፈውታል። ቅኝ ገዥ የጻፈውን እንዳለ እንቀበል አልልም፤ እነርሱም የራሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ሆኖም ሰው ከገዛ ጉድጓዱ ተነሥቶ ወደ ባዕድ ባንዲራ ሲሸሽ እግሩ ራሱ ምስክር ነው።

የወሰኑም ነገር እንዲሁ ነው። ኅዳር 1900 ዓ.ም. በምኒልክና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ውል ቦረናን ለሁለት ከፈለው። ውሉ በሁለቱም ወገን ያሉ ነገዶች እንደ ቀድሞው በግጦሹና በጉድጓዶቹ እንዲጠቀሙ ይፈቅዳል። ይህ አንቀጽ የሚያሳየው ሁለቱም ፈራሚዎች መስመሩ የሚያልፈው ባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በሰው ቤት መካከል መሆኑን ማወቃቸውን ነው። ዐውቀው አሰመሩት። ባለ ጉድጓዶቹን የጠየቀ አልነበረም።

የእንግሊዙ ባለ መሬት

እዚህ ላይ «በዚያ ዘመን የትም አገር እንዲሁ ነበር» የሚል አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ። እንግዲያውስ እንግሊዝን እንመልከት፤ የመሬት ጌታና የአውራጃ ፖለቲካ ከሁሉ ይበልጥ ተጋብተው የኖሩት እዚያ ነውና።

በእንግሊዝ አገር እስከ እ.ኤ.አ. 1888 ዓ.ም. የአውራጃ ምክር ቤት ሕግ ድረስ አውራጃውን የሚያስተዳድሩት ባለ መሬቶች ነበሩ። ያለ ደመወዝ ዳኛ ሆነው ይፈርዱ፣ ለመንገድና ለድልድይ ግብር ይጥሉ፣ ሲመቻቸውም ወደ ፓርላማ ይገቡ ነበር። ይህ ሥርዓት ለጭሰኛው ገነት አልነበረም፤ ድሀው የጋራ ግጦሹን በአጥር የተነጠቀው በእነዚሁ ሰዎች ሕግ ነው። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው፤ ብዙው ባለ መሬት የሚኖረው በመሬቱ ላይ ነበር። በእሑድ ቀን በአንድ ቤተ ክርስቲያን ከጭሰኛው ጋር ይሰግዳል፣ በአንድ መቃብር ስፍራ ይቀበራል። ሁለተኛም ነገር አለ፤ በ1870ዎቹ «መሬቱን ማን ያዘው?» የሚለው ክርክር ሲበረታ መንግሥት የባለ መሬቶችን ዝርዝር በየአውራጃው ቆጥሮ በይፋ አሳተመ። ቆጠራው ስሕተት ነበረበት፤ ተወቀሰ፣ ታረመ። ቁም ነገሩ ግን ጌታውም ጭሰኛውም አንድ መጽሐፍ ገልጦ «እገሌ ይህን ያህል አለው» ማለት መቻሉ ነው።

እንግሊዛዊው ባለ መሬት ከአገሩ ወጥቶ በሰው አገር ጌታ ሲሆን ግን ምን እንደሚመስል የሎርድ ደላሚር ሕይወት ያሳየናል። ይህ ሰው ፊታውራሪያችን ቦረናን በሚያስገብሩበት ዘመን ከበርበራ ተነሥቶ በእኛ ቆላ ጫፍ በኩል አልፎ፣ ማርሳቢትን ረግጦ፣ ወደ ኬንያ ደጋ ዘለቀ። አገሩን ወደደው፤ ተመልሶም እ.ኤ.አ. በ1903 ዓ.ም. አንድ መቶ ሺህ ኤከር ተሰጠው። በእኛ ልክ አንድ ሺህ ጋሻ ያህል ነው። የሰፋሪዎች መሪ፣ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባል፣ የቅኝ ግዛቲቱ ዋና ፖለቲከኛ ሆነ። ማሳዮች ደግሞ በ1904 እና በ1911 ዓ.ም. በተፈረሙ ውሎች ከግጦሻቸው ተነሡ። ፍርድ ቤት ሄደው ከሰሱ፤ በ1913 ዓ.ም. ተረቱ።

ታዲያ ኬንያውያን ዛሬ ስለ ደላሚር ይከራከራሉ። ሐውልቱ ከናይሮቢ ተነሥቷል፣ በስሙ ይጠራ የነበረው ጎዳና የኬንያታ ጎዳና ሆኗል፣ የማሳዮቹም ክስ በትምህርት ቤት ይነገራል። እኛ ግን በዚያው ዓመት፣ በዚያው ቆላ፣ በተመሳሳይ ሕዝብ ላይ የተጫነውን የራሳችንን ጌትነት ለመጠየቅ ምላሳችን ይታሰራል። «እርሱ ባዕድ ነው፣ የእኛዎቹ የእኛ ናቸው» የሚለው መልስ ልዩነትን ይናገራል እንጂ ጥያቄውን አይመልስም። ልዩነቱ እውነት ነው፤ ፊታውራሪው ቅኝ ገዥ ከማዶ እያንዣበበ የአገር ድንበር ያስከበሩ ሰው ናቸው። ግን ከብቱ ለተወሰደበት ሰው የወሳጁ ቋንቋ ምን ያህል ማጽናኛ ይሆነዋል?

አንድ ነገር ልጨምር። በኬንያ የነጮቹ ርስቶች ላይ ትልቅ ስም ያተረፈው የሥጋ ከብት ዝርያ ስሙ «ቦራን» ነው። ሰፋሪዎቹ ከቦረና የወረደውን ከብት ገዝተው መርጠው አራቡት፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ዓ.ም. የአርቢዎች ማኅበር አቋቋሙለት፣ ለእያንዳንዱ ኮርማ የትውልድ መዝገብ ከፈቱለት፤ ዛሬ ከደቡብ አፍሪካ እስከ ሌላው ዓለም ይሸጣል። ላሟ መዝገብ አላት። ላሟን ለዘመናት ያራባው የሊበንና የዲሬ አርቢ ግን የቆመበትን መሬት የሚያስረዳለት መዝገብ አልነበረውም።

ሁለቱ ተከራካሪዎች

ስለ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በአገራችን ሁለት ድምፅ ብቻ ይሰማል። አንደኛው ወገን የአንድነት ምሰሶ አድርጎ ያቆማቸዋል፤ «እነሆ፣ ከጨቦ የመጣ ምርኮኛ የአገር ዋልታ ሆነ፤ ኢትዮጵያ የሁሉም ነበረች» ይላል። ሁለተኛው ወገን ስማቸው ሲነሣ ፊቱን ያጨፈግጋል፤ «ከእኛው ወጥቶ እኛኑ የወጋ» ብሎ ያልፋል። በክፍል ውስጥም ተማሪዎቼ በእነዚህ ሁለት ረድፎች ተሰልፈው ይመጣሉ። መሰለፋቸው አይደንቀኝም፤ የሚደንቀኝ ሁለቱም ረድፍ የሚጨቃጨቀው ስለ ሰውየው ደም መሆኑ ነው። አንዱ ደሙን ማስረጃ ያደርገዋል፣ ሌላው ክህደት ያደርገዋል። መሬቱን ያነሣ የለም!

የመጀመሪያውን ወገን እንዲህ እጠይቀዋለሁ። አንድ ምርኮኛ ከፍ ብሎ ጌታ መሆኑ ሥርዓቱ ለብልህ ሰው በር እንደነበረው ያሳያል፤ እስማማለሁ። ግን በዚያ በር የገባው ሰው ምን ተሰጠው? የሌላ ሰው አገር። ለአንዱ የተከፈተው በር በሌላው ግድግዳ ላይ የተቀደደ ከሆነ አንድነቱ የማን ነው?

ሁለተኛውንም ወገን እጠይቀዋለሁ። በደሉ የሰውየው ትውልድ ከሆነ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት፣ በሌላ ቋንቋ የተናገሩት፣ በመጨረሻም በራሱ በሕዝቡ ቋንቋ የሚናገሩት ሹሞች ለምን በዚያው መንገድ ሄዱ? ጌታው የእኛ ሰው ሲሆን ጌትነት ይቀራል የሚል እምነት ካለህ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ራሳቸው መልስህ ናቸው።

ወራሾቹ

ፊታውራሪው ሲሞቱ ሠራዊታቸውንና ርስታቸውን አልጋ ወራሽ ተፈሪ ጠቀለሉት። በየካቲት 1920 ዓ.ም. ደግሞ የሲዳሞው ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ አዲስ አበባ ላይ ያለ አንድ ጥይት ተሻሩ። የድሮዎቹ ጌቶች ዘመን አከተመ፤ ሲዳሞና ቦረና ለንጉሠ ነገሥቱ አማች ለራስ ደስታ ዳምጠው ተሰጠ። ራስ ደስታ በገናሌ ዶርያ በኩል የመጣውን የጣልያን ጦር ተዋግተው ነጌሌ ጥር 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በግራዚያኒ እጅ ወደቀች፤ እርሳቸውም እስከ የካቲት 1929 ዓ.ም. ሲዋጉ ቆይተው ተይዘው ተገደሉ። የአርበኝነታቸው ክብር የማይነካ ነው። ግራዚያኒስ ምን አገኘ? የመኳንንት ማዕረግ፤ የነጌሌ ማርኪዝ ተባለ። ነጌሌን በቦምብና በመርዝ ጋዝ ያጠፋ ሰው የነጌሌ ጌታ ተብሎ ሮም ውስጥ ይጠራ ነበር። የሩቅ ጌትነት መጨረሻው ይህ ነው፤ ስሙ ብቻ የሚፈለግ አገር።

ከነጻነት በኋላ ነገሩ በሕግ ተጻፈ። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 130 የግጦሽ መሬትን በሙሉ ከደንና ከወንዝ ጋር አንድ ላይ ቆጥሮ የመንግሥት ንብረት አደረገው። አንባቢ ልብ ይበል፤ በደጋው የሚያርሰው ሰው ቢያንስ ጭሰኛ የሚል ስም ነበረው። የቆላው አርቢ ግን በሕግ ፊት በመንግሥት ሜዳ ላይ የቆመ መንገደኛ ሆነ።

ቀጥሎ የመጣው የታሪክ ምፀት ከሁሉ የከፋ ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነጌሌ ቦረና የሰፈረው ጦር ዐመፀ። ምክንያቱ ምን ነበር? የወታደሮቹ የውኃ ፓምፕ ተበላሸ፤ መኮንኖቹ ደግሞ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዳይጠጡ ከለከሏቸው። ነገሩን ሊያጣሩ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ይዘው ወታደር የሚበላውን አበሏቸው፣ የሚጠጣውን አጠጧቸው። የአብዮቱ የመጀመሪያ ክብሪት የተጫረው እንግዲህ በቦረና ምድር፣ በጉድጓድ ምክንያት ነው። ጉድጓድ ለሁሉም በተራ በሚዳረስበት አገር፣ ከአዲስ አበባ የመጣው ሥርዓት ለገዛ ወታደሩ እንኳ ውኃ ማካፈል አቃተው!

አብዮቱስ ለቦረና ምን ይዞ መጣ? «መሬት ላራሹ» የሚል መፈክር። ታላቅ መፈክር ነው፤ ክብሬ ለእርሱ ሲሉ በወጡት ላይ ይሁን። ግን የማያርሰውስ? አርቢው በመፈክሩ ውስጥ ስም አልነበረውም። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ በልማድ በሚሰማራበት ግጦሽ ላይ የይዞታ መብት እንዳለው ጻፈለት፤ መሬቱን ግን ከመንግሥት እጅ አላወጣውም። ከዚያ በኋላ በምርጥ ግጦሾች ላይ የመንግሥት ከብት ማራቢያ ጣቢያዎች ታጠሩ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 5 አርብቶ አደሮች ለግጦሽም ለእርሻም መሬት በነጻ የማግኘት፣ ከይዞታቸውም ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መልካም ቃል ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ግን መንግሥት የመሬቱ ባለቤት በመሆኑ አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው የወል ይዞታን ወደ ግል ይዞታ ሊለውጥ እንደሚችል ጻፈ፤ ይህ አዋጅ እስከ 2016 ዓ.ም. ሠርቷል። «አስፈላጊ» መሆኑን የሚወስነው ማን ነው? ጉድጓዱ አፍ ላይ የተቀመጠው አባ ሄሬጋ አይደለም።

እንዲህ እያልን እስከ ቅርብ ጊዜ ደረስን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ። በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አለቀ፤ ከብት ያለቀበት ሰው በዱብሉቅና በሌሎች መጠለያዎች እርዳታ ጠባቂ ሆኖ ተቀመጠ። በዚያው ድርቅ መካከል፣ በየካቲት 2015 ዓ.ም.፣ የክልሉ መንግሥት ምሥራቅ ቦረና የሚባል አዲስ ዞን መሥርቶ ነጌሌን መቀመጫው አደረጋት። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ነጌሌ የቦረና ዞን ነበረች፤ ከዚያ የጉጂ ሆነች፤ አሁን ደግሞ እንደገና ተገላበጠች። የጉጂ ወጣት አደባባይ ወጣ፣ ሱቅ ተዘጋ፣ ደም ፈሰሰ። ጉጂም ትክክል ነኝ ይላል፣ ቦረናም ትክክል ነኝ ይላል፤ ሁለቱም የቀድሞ ግጦሹን ጠርቶ ይምላል። እኔ በመካከላቸው ዳኛ አይደለሁም። ሁለቱን ሕዝቦች የሚያገናኘውን ብቻ እጠቁማለሁ፤ ከብት ያለቀበት ጉጂና ከብት ያለቀበት ቦረና «የዞኑ ከተማ የት ይሁን?» በሚል ጥያቄ ሲጋጩ፣ ጥያቄውን ያወጣው ሰው ከሁለቱም ርቆ በሌላ ከተማ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል።

በዚያ አገር ስዘዋወር አንድ የቦረና ሽማግሌ ያጫወቱኝን ላካፍል። «አባቴ፣ የመንግሥትና የገዳ ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት አሰቡና፣ «ልጄ፣ የእኛው ሰው ስምንት ዓመቱን ቆጥሮ ይወርዳል፤ ወርዶም ከእኛው ጋር ከብቱን ያጠጣል። የእናንተው ሰው ሲወርድ አይታይም፤ አንድ ቀን ሌላ ስም እንሰማለን» አሉኝ። የፖለቲካ ሳይንስ ትምህርት ክፍል ባለበት ዩኒቨርሲቲ ሁሉ ይህ ቃል በሰሌዳ ላይ ቢጻፍ ደስ ባለኝ።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ታሪኩ ሙሉ ሆኖ ይጻፍ። ድልድዩ ስሙን ይያዝ፤ ስም በመንቀል የሚመለስ ግጦሽ የለም። ግን የፊታውራሪውን ብልሃት የሚተርክ መጽሐፍ ሁሉ የርስታቸውንም ካርታ ያሳይ፤ የገባሩም ስደት ከሸንጎው ጨዋታ እኩል ገጽ ያግኝ። በቤተ መዛግብት የተከማቸው የመሬት ሰነድ ለተመራማሪ ይከፈት። እንግሊዞች ባለ መሬቶቻቸውን ከቆጠሩ መቶ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ እኛ የሞቱትን ጌቶች ርስት እንኳ ለመቁጠር ምን አስፈራን?

ሁለተኛ፣ የወል ግጦሽ በስሙ ይመዝገብ። ለአራሹ የይዞታ ደብተር የሰጠ መንግሥት፣ ግጦሽን በዴዳና በሬራ፣ ጉድጓድን በጎሳና በአባ ሄሬጋ መመዝገብ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። ያልተመዘገበ መሬት ሁልጊዜ «ባዶ» ይባላል፤ ባዶ የተባለ መሬት ደግሞ ሁልጊዜ ጌታ ይገኝለታል።

ሦስተኛ፣ በቆላው ላይ የሚወስን ሹም በቆላው ፊት ይቁም። ወሰን ሲከለል፣ ማዕድን ሲቆፈር፣ ግጦሽ ለባለ ሀብት ሲሰጥ፣ ውሳኔው ከመታተሙ በፊት በጉሚው ፊት ቀርቦ ይመርመር። በስምንት ዓመት አንድ ጊዜ የገዛ መሪዎቹን የሚመረምር ሕዝብ፣ ከሌላ ከተማ የተላከለትን ሹም ለመመርመር ማንም ሊያሠለጥነው አያስፈልግም። የጉጂ ገዳም የቦረና ገዳም በዚህ አንድ ናቸው፤ ዕርቁንም ከካቢኔ ይልቅ እነርሱ ያውቁበታል።

«ይህ ሁሉ ሕልም ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። በቱላ ላይ የሚሆነው ግን በየቀኑ የሚታይ ነገር ነው፤ ሕግ አለ፣ ተራ አለ፣ ዳኛው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። ሕልም የሚሆነው ያንን ሳያዩ፣ ከሩቅ ከተማ ሆኖ የቆላውን ውኃ በትክክል አከፋፍላለሁ ብሎ ማሰብ ነው። ያንን ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጀምሮ መቶ ሃያ ዓመት አለፍ ብለን ሞክረነዋል፤ የተረፈንም አንድ ድልድይና ብዙ የደረቀ ግጦሽ ነው።

ይቆየን።